ዋጉ ሲጠቁር ነው ማንነቱ የሚለየው

ስንዴ ላይ ዋግ ሲወጣ የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ዱቄቱ ላይ ነው። ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት። በጣት ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። ማሳውን አቋርጦ የሄደ ሰው ሱሪው ተቀብቶ ይወጣል። ከዚያ ስንዴው ሊደርስ ሲል ዱቄቱ እየቀነሰ ይሄድና በቦታው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይመጣል። ብዙ ሰው ያን ሲያይ "በቃ ደረቀ" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በጉጉት የምጠብቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ ፈንገስ ማን እንደሆነ በግልጽ የሚታየው ሲጠቁር ነውና።

የምጽፈው ስለ ፑክሲኒያ ነው። የጂነስ፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳሞች ቡድን፣ ስም ነው። በሥሩ ወደ 4000 የሚጠጉ ስፒሽሶች፣ ማለትም የየራሳቸው የፍጡር ዓይነቶች፣ አሉ። እኛ አገር ብቻ ስንዴን፣ ገብስን፣ በቆሎን፣ ማሽላን፣ ነጭ ሽንኩርትን፣ ኑግን ሳይቀር የሚያጠቁ አባላት አሉት። ስለ ዋግ በአማርኛ ከማነበው ውስጥ አብዛኛው ስለ መድኃኒት ርጭትና ስለ ጠፋው ምርት ነው። እሱ መጻፉ ተገቢ ነው። ግን ፍጡሩ ራሱ ምን ይመስላል፣ ከማን ጋር ይዛመዳል፣ በምን ይለያል የሚለው ሁልጊዜ ይዘለላል፤ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው በሽታውን "ዋግ" ብሎ ብቻ ከተወው የስንዴውን ከጤፉ፣ የግንዱን ከቅጠሉ ሳይለይ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይቀራል፣ እነሱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ከላይ እንጀምር። ፑክሲኒያ ከፈንገሶች መካከል ባሲዲዮማይኮታ በሚባለው ትልቅ ፋይለም ውስጥ ነው የሚመደበው። ስለዚህ እንጉዳይ የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ነው። እንጉዳይ ግን አካሉን ከመሬት አውጥቶ ያሳያል። ፑክሲኒያ እንዲህ የሚታይ አካል የለውም። ክር የሚመስል ሰውነቱ ተክሉ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ስፖሩን፣ ማለትም የሚራባበትን ጥቃቅን ዘር መሰል ነገር፣ ነው። ክላሱ ፑክሲኒዮማይሴትስ፣ ኦርደሩ ፑክሲኒያሌስ፣ ፋሚሊው ፑክሲኒያሴ ይባላል። ኦርደሩ ውስጥ ያሉት የዋግ ፈንገሶች በሙሉ ናቸው። የቡና ቅጠል ዋግ፣ ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ፣ እዚሁ ኦርደር ውስጥ አለ፤ ፑክሲኒያ ግን አይደለም።

እነዚህ ፈንገሶች በሙሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። በተፈጥሮ ሕይወት ካለው ተክል ውጭ አድገው አይራቡም። ሻጋታ ዳቦ ላይም ያድጋል፣ ዋግ ግን ተክሉ በሕይወት እንዲቆይለት ይፈልጋል። የስንዴ ግንድ ዋግን በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማሳደግ የተቻለው በ1966 አውስትራሊያ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ እሱም ቢሆን ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚመች አይደለም። ስለዚህ ዛሬም ተመራማሪዎች ዋግ ማባዛት ሲፈልጉ ችግኝ ላይ ነው የሚያባዙት።

ስሙን በተመለከተ በአጭሩ። ፑክሲኒያ የሚለውን ስም ያወጣው ጣሊያናዊው የዕጽዋት ሊቅ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ነው፣ በ1729። በፍሎረንስ አናቶሚ ያስተምር ለነበረው ለቶማዞ ፑቺኒ ክብር ነው ያወጣለት። ጂነሱን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያስቀመጠውና ፑክሲኒያ ግራሚኒስን፣ ማለትም የስንዴ ግንድ ዋግን፣ በ1794 በስሙ የመዘገበው ደግሞ ክርስቲያን ፐርሱን ነው። ፐርሱን የተወለደው አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ። በኋላ ፓሪስ ውስጥ በድህነት እየኖረ ነው የፈንገስ ምደባን መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነው። ይህን ሰው የሚያውቅ ብዙ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ነጠብጣብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቁር ሰንበር የወጣበት የደረቀ የስንዴ አገዳ ይወሰዳል። በመርፌ ጫፍ በስሱ ይፋቃል። የተፋቀው ስላይድ ላይ ባለ የውሃ ጠብታ ውስጥ ይገባል፣ በስስ ብርጭቆ ይሸፈናል። የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ካጎላ ይበቃል። መጀመሪያ የአየር አረፋ ነው የሚታየው፣ ከዚያ የተክሉ ስብርባሪ። ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ግን ስፖሮቹ ይመጣሉ፣ ብቻቸውን ሳይሆን በጭፍራ።

ደማቅ ቡናማ ናቸው፤ በዓይን ስናያቸው ጥቁር የሚመስሉት ተደራርበው ስለተጠቀጠቁ ነው። እያንዳንዱ ስፖር ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ መሃላቸው ግድግዳ አለ። ግድግዳው ያለበት ቦታ ላይ ወገቡ ገባ ያለ ነው፤ ሁለት ፍሬ የያዘ ለውዝ ከነቅርፊቱ ማሰብ ነው። ጫፉ ላይ ግድግዳው ይወፍራል፣ አንዳንዱ ሾል ይላል፣ አንዳንዱ ክብ ነው። ከታች ረዘም ያለ እግር አለው፣ ከተክሉ ጋር የተያያዘበት። ርዝመቱ ከ40 እስከ 60 ማይክሮሜትር፣ ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ነው። 1 ሚሊ ሜትር ላይ 20 ያህሉን በቁመት መደርደር ይቻላል ማለት ነው። ይህ ስፖር ቴሊዮስፖር ይባላል።

እንግዲህ ፑክሲኒያን ፑክሲኒያ የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል፣ ባለ እግር ቴሊዮስፖር። የዱቄቱ ቀለም አይደለም፣ ያጠቃው ተክልም አይደለም።

የጤፍ ዋግን ውሰዱ። ከሩቅ ሲታይ ቅጠሉ ላይ ያለው ዱቄት ከስንዴው ዋግ ብዙም አይለይም። ቴሊዮስፖሩ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፑክሲኒያ ውስጥ አልገባም፤ ዩሮማይሲስ ኤራግሮስቲዲስ ነው የሚባለው። የባቄላ ዋግም እንደዚሁ ዩሮማይሲስ ነው። የቡናው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ብርቱካናማው ስፖሩ ኩላሊት መሰል ነው፣ ጀርባው እሾሃማ ሆኖ ሆዱ ልስልስ ነው። አንዴ ያየ ሰው ከሌላ ጋር አያምታታውም። የነጭ ሽንኩርቱ ዋግ ግን ፑክሲኒያ ነው፣ የበቆሎውም ፑክሲኒያ ሶርጊ ነው።

ደንቡ ሁልጊዜ ንጹህ አይደለም። የገብስ ቅጠል ዋግ፣ ፑክሲኒያ ሆርዴይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቴሊዮስፖር ያወጣል፣ ከእነሱ ጋር ግን ባለ አንድ ክፍል ብዙ ይቀላቅላል። አንድ ሁለት ስፖር ብቻ አይቶ የወሰነ ሰው ዩሮማይሲስ ነው ብሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጭፍራ ሳይሆን ከተለያየ ቅጠል ተወስዶ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ስንዴ ላይ ሦስት ፑክሲኒያዎች አሉ፣ እነሱን መለየት ደግሞ በባዶ ዓይን ይጀመራል።

የግንድ ዋግ፣ ፑክሲኒያ ግራሚኒስ፣ የሸክላ ቀይ ነው። አገዳው ላይ፣ የቅጠሉ ሰገባ ላይ፣ ቅጠሉም ላይ ይወጣል። ቁስሉ ረዘም ያለ ሆኖ የተክሉን ቆዳ ቀዶ ይወጣል፤ ዳሩ ላይ የተቀደደው ቆዳ እንደ ተገለበጠ ይታያል፣ ጣት ሲያልፍበትም ይሻክራል። የቅጠል ዋግ፣ ፑክሲኒያ ትሪቲሲና፣ ብርቱካናማ ቡኒ ነው። ቁስሉ ትንሽና ክብ ነው፣ ቅጠሉ ላይ እዚህም እዚያም ይበተናል። ቢጫ ዋግ፣ ፑክሲኒያ ስትራይፎርሚስ፣ በደረሰ ቅጠል ላይ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። ችግኝ ላይ ግን መስመሩ አይታይም፣ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢጫው ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፣ የግንዱ ሞቅ ያለውን፣ የቅጠሉ መሃል ላይ ነው። ለዚህ ነው ደጋው ቢጫ ዋግ ሲበዛበት ዝቅ ያለው ቦታ በግንድ ዋግ የሚቸገረው።

ማይክሮስኮፕ ስር ልዩነቱ ይጨምራል። ዱቄቱ ዩሬዲኒዮስፖር የሚባለው ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ላዩ በጥቃቅን እሾህ የተሸፈነ። የግንዱ ዋግ ስፖር ሞላላ ነው፣ ወገቡ ላይ ዙሪያውን አራት የማብቀያ ቀዳዳዎች አሉት። የሌሎቹ ሁለቱ ወደ ክብ የሚጠጋ ነው፣ ቀዳዳቸውም ከአራት ሊበልጥ ይችላል፣ ወገባቸው ላይ ከመሰለፍ ይልቅ ተበትኗል። ጥቁሩም ይለያያል። የግንዱ ቴሊዮስፖር ቆዳውን ቀዶ ራቁቱን ይወጣል። የቅጠሉና የቢጫው ግን ከቆዳው ሥር እንደተሸፈነ ይቀራል፣ እግሩም አጭር ነው። ስለዚህ አገዳ ላይ ጥቁሩ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ስለ ግንድ ዋግ ማሰብ ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን የሲናር ዘመድ በሆነው በአጃ ላይ የሚወጣውን ፑክሲኒያ ኮሮናታን ነው፤ የቴሊዮስፖሩ ጫፍ ላይ ጣት ጣት የሚመስሉ ቅጥያዎች አሉት፣ ልክ ዘውድ የደፋ ይመስላል። ስሙንም ከዚያ ነው ያገኘው።

ዱቄቱ እንዴት እንደሚገባም ቅርጹ ይናገራል። ስፖሩ ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ላይ ሲወድቅ በማብቀያ ቀዳዳው ቀጭን ቱቦ ያወጣል። ቱቦው ቅጠሉ ላይ እየተሳበ መተንፈሻ ቀዳዳ ይፈልጋል። የግንዱ ዋግ ቀዳዳውን ሲያገኝ ጫፉ ላይ ያብጥና ከዚያ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውስጥ ገብቶ ህዋሶቹን አይገድልም። ግድግዳቸውን በስቶ ሃውስቶሪየም የሚባል መምጠጫ ይሰካና የተክሉን ምግብ በቀጥታ ይስባል። አየሩ ከተስማማው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ዱቄት ያወጣል፣ እሱም በነፋስ ይሄዳል። መኸሩ ሲያልቅ የበልግ ስንዴ፣ የመስኖ ስንዴ ወይም ሳይዘራ በራሱ የበቀለ ካገኘ ዱቄቱ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ ከማሳ ማሳ እየተሸጋገረ ሊቆይ ይችላል።

ጥቁሩ ግን ሌላ ሥራ ነው ያለው። ዱቄቱ ውስጥ ባለው እያንዳንዱ ስፖር ሁለት ኒውክሊየስ ሳይዋሃዱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሚዋሃዱት ቴሊዮስፖሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ዕረፍቱን ጨርሶ ሲበቅል ከእያንዳንዱ ክፍል አጭር ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦው ላይ አራት ስስ፣ ቀለም የሌላቸው ስፖሮች ይበቅላሉ። ባሲዲዮስፖር ናቸው፤ ፑክሲኒያን ከእንጉዳይ ጋር የሚያዛምዱት እነዚህ ናቸው። እና እነዚህ ስፖሮች ስንዴን አይነኩም! የሚያርፉት ባርበሪ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ነው። እዚያ ቅጠል ላይ ሌላ ዓይነት ስፖር ያወጣሉ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ አብሮ ስለሚወጣ ነፍሳት እየመጡ አንዱን ከአንዱ ያገናኙታል። ይህን በ1927 ያረጋገጠው ካናዳዊው ክሬጊ ነው። ከዚያ በባርበሪው ቅጠል ሥር በኩል ትናንሽ ብርቱካናማ ጽዋዎች ይከፈታሉ፤ በውስጣቸው በሰንሰለት የተደረደሩት ስፖሮች ተመልሰው ስንዴ ላይ ይሄዳሉ። በጠቅላላው አምስት ዓይነት ስፖር፣ ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ተክሎች። አንድ ፍጡር።

ይህን የሚያህል ነገር ነው በድሮ ሰዎች ላይ ምደባውን ያዘበራረቀባቸው። ባርበሪው ላይ ያለው ኤሲዲየም የሚባል የራሱ ጂነስ ነበረው። የስንዴው ዱቄት ዩሬዶ ተብሎ ሌላ ጂነስ ውስጥ ተመድቦ ነበር። ጥቁሩ ፑክሲኒያ። ሦስት ስም፣ ሦስት ጂነስ። ገበሬዎች ግን ባርበሪ አጠገብ ያለ ስንዴ ዋግ እንደሚበዛበት ከሊቃውንቱ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ኮኔቲከት በ1726 ባርበሪን የሚመለከት ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። በማስረጃ ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው፣ በ1865። የስንዴውን ቴሊዮስፖር አብቅሎ ባርበሪን በሽታ አስያዘ፣ ከባርበሪው ወደ ሣሩ መልሶ አሳየ። ያኔ ሦስቱ ስሞች የአንድ ፍጡር መሆናቸው ለየለት። የቢጫ ዋግ ሁለተኛ ተክል ግን ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆይቶ፣ እሱም ባርበሪ መሆኑ የታወቀው በ2010 ነው። ለአንድ ፈንገስ ሁለት ስም መስጠት የተፈቀደበት አሠራርም የቀረው በቅርቡ ነው፤ በ2011 ሜልቦርን ላይ በተደረገው የዕጽዋት ጉባኤ።

ቅርጽ ግን የሚያደርሰው እስከ ስፒሽስ ድረስ ነው። ከዚያ በታች ዓይን አይሠራም። በ1894 ስዊድናዊው ኤሪክሰን ከስንዴ፣ ከአጃና ከራይ የተገኘው ግራሚኒስ በመልክ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን ተክል እንደማያጠቃ አሳየ። ከዚያ ስንዴ ላይ ያለው ራሱ በዘር (ሬስ በሚባለው) የተከፋፈለ መሆኑ ታወቀ። ዘሩ የሚለየው በስንዴ ነው። የየራሳቸው የመከላከያ ጂን ያላቸው 20 የስንዴ መስመሮች ችግኝ ሆነው የዋጉ ዱቄት ይረጭባቸዋል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ቁስላቸው ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይታያል፣ ውጤቱም በአራት በአራት ተቦድኖ አምስት ፊደል ይሰጣል። ዩጂ99 የምንለው የግንድ ዋግ ዘር ለምሳሌ ቲቲኬኤስኬ ነው።

እነዚህ አምስት ፊደሎች ምን እንደሚያመጡ አርሲና ባሌ ያለ ገበሬ ያውቀዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲመታ ብዙ ሰው ዲጋሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫውንም ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። ከዚያ በ2013 መኸር ቲኬቲቲኤፍ የሚባል የግንድ ዋግ ዘር መጣ፣ በአንዳንድ ማሳ ላይ የሚሰበሰብ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ዲጋሉን መታው። ማይክሮስኮፕ ስር ከዩጂ99 ጋር ብታስቀምጡት ሁለቱም ያው ባለ አራት ቀዳዳ ሞላላ ስፖር ናቸው። የተለየው ዲጋሉ የሚመካበትን ጂን ማለፍ መቻሉ ነው። አምቦ ያሉት የዋግ ተመራማሪዎች ከየማሳው የሚመጣውን አገዳ እየተቀበሉ ዘሩን የሚለዩት ለዚህ ነው፣ ሥራቸው ከሚነገርለት በላይ ነው።

ዲ ኤን ኤ መጥቶ ደግሞ የላይኛውንም ነካክቶታል። ባለ ሁለት ክፍሉን ፑክሲኒያ፣ ባለ አንድ ክፍሉን ዩሮማይሲስ ብለን ለያየን። ዝምድናው በዲ ኤን ኤ ሲታይ ግን ሁለቱ እንዲህ ተለያይተው አልተገኙም፤ የዩሮማይሲስ አባላት ፑክሲኒያዎች መሃል መሃል ገብተው ነው ያሉት። የስፖሩ ግድግዳ በዝግመተ ለውጥ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ጠፍቷል ወይም መጥቷል ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ ማይክሮስኮፑን ዋጋ አያሳጣውም። ማሳ ዳር ላለ ሰው የግድግዳው መኖርና አለመኖር ዛሬም ፈጣኑ መለያ ነው፣ ብቻ የዘር ሐረግ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አይቻልም።

ጂነሱ ወደፊት መከፋፈሉ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ከተከፋፈለ የምደባ ሕጉ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር አስቀድሞ ወስኗል፤ የጂነሱ መለኪያ ተብሎ የተመዘገበው ግራሚኒስ ስለሆነ፣ ፑክሲኒያ የሚለው ስም ከእሱና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ይቀራል። አዲስ ስም ሊወጣላቸው የሚችለው ከእሱ የራቁት ናቸው።